ድንኳኑ ሁለተኛ ሲተከል

ሰው ሁሉ ከቤቱ ወደ ደጅ ሲሮጥ እታገኝ ከደጅ ወደ ቤት ሮጠች። ይህን ያላየ የሰፈር ሰው የለም፤ ገሚሱ በውስጥ ሱሪው፣ ገሚሱ ፊቱን ሳሙና እንደተቀባ መንገዱ ላይ ቆሞ ነበርና። የሰማንያ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ነው፤ ክረምቱ ወጥቷል፣ ቡናው መቅላት ጀምሯል፣ ፀሐይዋም ከጅሬን ዳገት ወዲያ ገና ብቅ ማለቷ ነው። እታገኝ ከቦኖ የቀዳችውን ባልዲ ደጃፏ ላይ ለማሳረፍ ጎንበስ እንዳለች የሰፈሩ ውሾች ባንድ አፍ ማላዘን ጀመሩ። ወዲያው ከመሬት ሥር የጭነት መኪና የሚያልፍ የሚመስል ድምፅ መጣ፤ መኪና ግን የለም። የባልዲው ውሃ ያለ ነፋስ ተናወጠ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ተንኳኳ፣ የቆመችበት መሬት እንደ ወንፊት ወዲህና ወዲያ አላት። ጎረቤቷ ዙህራ «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» እያለች ልጆቿን በሁለት እጇ እየጎተተች ስትወጣ እታገኝ ባልዲውን ደፍታ ወደ ውስጥ ስትገባ አየቻትና ወዴት ነው ብላ ጮኸችባት። ማን ይስማት።

ውስጡ አቧራ ብቻ ነው። የኮርኒሱ አቡጀዲ በአንድ ጎኑ ተቀዶ ተንጠልጥሏል፤ የመድኃኔ ዓለም ሥዕል ከነመስተዋቱ ወለሉ ላይ ተበትኗል። እሷ ያን ሁሉ ረግጣ ጓዳ ገባችና በቁምሳጥኑ ጎን አፏን ከግድግዳው ጋር አጣበቀች። «ብርሃኔ» አለች፤ ድምፅ ሳይሆን ትንፋሽ ነው ያወጣችው። መልስ የለም። ሁለተኛ ስትጠራው ከግድግዳው ውስጥ ሳል መጣ፤ ከሳሉም ቀጥሎ የልጇ ድምፅ።

«እማዬ፣ በሩ እንቢ አለኝ። የላዩ እንጨት ወርዶ ተጭኖታል።»

ብርሃኔ ለሰፈሩ ሰው ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ የተጠራ ጊዜ እታገኝ ልጄ ወደ ጌራ ጫካ ሸሸ ብላ አስወራች፤ እሱ አልጋ ሥር ተኝቶ ነበር። በሳምንቱ ደረቷን እየደቃች ወጥታ ጎጀብን ሲሻገር ውሃ ወሰደው አለች። ሬሳው የታለ ያላት አንድ ሰው አልነበረም፤ ጎጀብ የወሰደውን መቼ መልሶ ያውቃል። እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ ፍትሐቱም ተደረሰ። ሐዘንተኛው ሲበተን እሷ በገዛ እጇ ጭቃ አቡክታ፣ ጓዳውን ከማድቤቱ በሚለየው ግድግዳ ፊት ሌላ ግድግዳ አቆመች። በሁለቱ መካከል አንድ ሰው በጎኑ የሚተኛበት ቦታ አለ፤ መግቢያው ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያለች የሳንቃ በር ናት። ከመሸ ይወጣል፣ ይበላል፣ እግሩን ያፍታታል፣ ሳይነጋ ይመለሳል። ለቆመ ሰው ፍትሐት ማስፈታቷ ትዝ ስለሚላት እታገኝ የንስሐ አባቷን ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስታያቸው ትሰወርባቸዋለች።

ቁምሳጥኑን ገና በትከሻዋ መግፋት እንደ ጀመረች ዙህራና ሌላዋ ጎረቤቷ የኔነሽ ደረሱባት። አንዷ ብብቷን፣ አንዷ ወገቧን ይዘው ጎተቷት። ልትታገላቸው አሰበችና የልጁ ሳል እንዳይሰማ ፈራች፤ ቶሎ ይዘዋት እንዲወጡ ራሷ እግሯን አላላችላቸው። ደጅ ሲደርሱ ዙህራ እያለቀሰች «ማል ታቴ፣ ምን ሆንሽ እትዬ እታገኝ? ቤት እየተናደ ምን ልታደርጊ ነው የምትገቢው?» አለቻት። መድኃኔ ዓለምን ላወጣ ነው አለች። ሥዕሉን ግን አልያዘችም፤ ባዶ እጇን ሰው ሁሉ አየው። ከዚያ በኋላ ወሬውን የሚይዘው ጠፋ። የልጇ ሐዘን አናውዟት ነው፣ ሞት ፍለጋ ነው የገባችው፣ ምስኪን፣ አንድ ልጅ ማለት እኮ ይህ ነው ተባለ። ረፋዱ ላይ ወሬው ገበያ ደርሶ ተመልሷል።

እንግዲህ ሰፈሩ ደግ ነው፤ እሷን ያስጨነቃትም ደግነቱ ነው። ዛሬ ቤቱ ውስጥ የሚያድር አይኖርም፣ የእድሩ ድንኳን ይተከልና ሁሉም እዚያ ይሰብሰብ ተባለ። የት ይተከል ሲባል ከእታገኝ ግቢ የሰፋ የለም፤ ደግሞም እሷ ብቻዋን አትሆንም፣ ዓይናችን ሥር ትውላለች አሉ። ካስማው ሲመታ እታገኝ ቆማ አየች። ያው ድንኳን ነው። በስተግራ በኩል ካኪ ጨርቅ የተጣፈበት ቦታ አለ፤ ያን ጊዜ በለቅሶው ሰሞን የሰው ፊት እንዳታይ ዓይኗን እዚያች እራፊ ላይ ተክላ ነበር የምታለቅሰው። እንባው የውሸት አልነበረም። ከፍርሃት የሚወጣ እንባም እንባ ነው። አሁንም ፍራሽ ዘርግተው መሐል አስቀመጧት፣ ጋቢ ደረቡላት፣ ሻይ በእጇ አስያዟት፤ ከዚያችው እራፊ ፊት ለፊት።

የኔነሽ ከጎኗ አልተነሳችም። አጥር የሚያዋስናት የልብ ጎረቤቷ ናት፤ የሰፈሩ አልቃሽም እሷው ናት፤ ሙሾ ስታወርድ ድንጋይ ታስለቅሳለች ይሏታል። ለብርሃኔም ያወረደችለት እሷ ናት። የሰልስቱ ዕለት እዚህ ድንኳን ውስጥ ቆማ «የጎጀብ ውሃ» እያለች ሰውን ስታስለቅስ፣ አብዮት ጥበቃዎች ከአጥሩ ወዲያ ቤቷ ገብተው ልጇን ጣሰውን ይዘውት ሄዱ። ከሰፈሩ ለውትድርና የተጠየቀው ቁጥር በአንድ ጎድሎ ነበር። የጎደለው ማን እንደሆነ መናገር አያሻም። ጣሰው ወደ ሰሜን ተጫነ ከተባለ ወዲህ ይሙት ይኑር የሚያውቅ የለም። የኔነሽ ይህን ነገር ከብርሃኔ ሞት ጋር አያይዛ አንድም ቀን አልተናገረችም፤ እታገኝም አልተናገረችም። በአጥሩ ላይ ጨውና በርበሬ ሲለዋወጡ በመካከላቸው አንድ ዝምታ ይገባል። የኔነሽ የሐዘን ዝምታ ይመስላታል። እታገኝ ግን የምን እንደሆነ ታውቀዋለች፤ ስለምታውቀውም የኔነሽን ዓይን ዓይኗን አታያትም።

ቀትር ላይ ሰው ሁሉ መምህር ሣህሉን ከበበ። ሣህሉ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ዙህራ ዘንድ አንድ ክፍል ተከራይቶ ጅማ ውስጥ ጂኦግራፊ ያስተምራል። የሰፈሩ ሬዲዮ ከጠዋት ጀምሮ ስለ አዲሲቱ ሪፐብሊክ እያወራ ስለ መሬቱ ትንፍሽ ስላላለ የሚጠየቅ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ሣህሉም እንደ ክፍል ውስጥ ብድግ ብሎ ያስረዳቸው ጀመር። መሬት መንቀጥቀጥ ብርቅ ነገር አይደለም፣ በዓለም ላይ ሳይንቀጠቀጥ የሚውል ቀን የለም፣ አብዛኛው ግን ትንሽ ስለሆነ መሣሪያ እንጂ ሰው አይሰማውም አለ። በብዛት የሚደርሰው በሰላማዊ ውቅያኖስ ዙሪያ ነው፤ ጃፓን፣ ቺሊ። በኛ አገር ደግሞ ስምጥ ሸለቆውን ተከትሎ ነው፤ አፋር፣ ላንጋኖ፣ አዋሳ፣ እስከ ጋሞ ጎፋ። የዛሬውም ከዚያ በኩል የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ጅማ ከሸለቆው ወጣ ስላለች ብዙ አይነካትም። ሰዉ ትንሽ ተነፈሰ። እታገኝ ከፍራሿ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

«ይመለሳል ወይ፣ መምህር?» አለችው።

«አንዴ ከመጣ ተከታይ አያጣም፣ እትዬ። ዛሬም ሊሆን ይችላል፣ ሳምንትም ሊሆን ይችላል። ግን አይፍሩ፤ እዚህ አገር እኮ ስንት ዘመን አንዴ ነው።»

«ታዲያ ዛሬ እዚህ ምን ሊያደርግ መጣ?»

ሣህሉ ፈገግ ሊል አለና ፊቷን አይቶ ተወው። የሷ ፍርሃት ከዚህ በኋላ ነው የባሰው። መሬት በየቀኑ የሚናወጥ አገር ቢሆን ኖሮ ባልከፋ፤ መንገዱ ያልሆነን ሰፈር ፈልጎ ከመጣ ግን የሚፈልገው ሰው አለ ማለት ነው። በቁሙ ያስቀበረችው ልጅ፣ በሐሰት የተደረሰው ፍትሐት፣ በልጇ ፈንታ የተጫነው የሰው ልጅ፤ ሁሉም ባንድነት መጡባት። እኔን ነው የፈለገኝ አለች በሆዷ። እኔን ከፈለገ እኔን ይዋጠኝ፣ እሱን ምን አደረገ።

ስምንት ሰዓት ላይ ጓድ ከፈለ መጣ። የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ መሪ ነው፤ ብርሃኔን በየቡና ጫካው ያስፈለገው፣ ጣሰውንም የወሰደው እሱ ነው። ዛሬ ግን ዱላውን ይዞ የተሰነጠቀ ግድግዳ ነው የሚቆጥረው። እታገኝ ብድግ ብላ ተከተለችው፤ ከሱ ጋር ስለሆነ ማንም አልከለከላትም። እንዲህ ሆና ጓዳዋ ገባች፤ ጠዋት ሙሉ ስትመኘው የዋለችው ቦታ ደረሰች፣ አጠገቧ የቆመው ግን ከፈለ ነው። ምርጊቱ ከቁምሳጥኑ በላይ ተሰንጥቆ ሆዱ ወደ ውጭ ተነፍቷል። ከፈለ በዱላው ኳ ኳ አደረገው። ልጁ እንዳይስል ፈርታ እሷ አስቀድማ ማሳል ጀመረች፤ ጎንበስ ብላ፣ ደረቷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳለች። ከፈለ አቧራው ነው ብሎ ክንዷን ደገፋት።

«ወፍራም ግድግዳ ነው፤ ማን ነው የሠራልዎ?»

«ሟች ባለቤቴ።»

እግዜር ይማራቸው ብሎ ወጣ። ደጅ ላይ ሰው እየሰማ፣ ይህ ግድግዳ ከነገ አያልፍም፣ ነገ ጠዋት ለቡና ለቀማ የተጠሩትን ወጣቶች ዶማ አስይዤ ልኬ አፈርስልዎታለሁ፣ ጭቃውንም እነሱ ያቦካሉ፣ እርስዎን የመሰለች እናት ፍራሽ ላይ እንዳለች ግድግዳ አይጫናትም አለ። ሴቶቹ መረቁት። ከዚያ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ለየኔነሽ ሰጣት፤ ማንም እንዳይገባ፣ በተለይ እሷ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጊዜ እታገኝ እንዴት እንዳሳለፈችው ራሷም አታውቅም። ልጁ እስከ ነገ እዚያው ካደረ ዶማ አለ። ዛሬ መሬቱ ከተመለሰ ዶማም አያስፈልግም። ለየኔነሽ አንዴ ነጠላዬን ረስቼ አለቻት፤ የኔነሽ የራሷን አውልቃ አለበሰቻት። አንዴ የልብ መድኃኒቴ አለቻት፤ የት እንዳለ ንገሪኝና እኔ ላምጣልሽ አለች። ለመናገር አፏን ስንት ጊዜ ከፈተች። ለዙህራ ቢሆን ትነግራት ነበር፤ ለመምህሩም ቢሆን ትነግረው ነበር። ቁልፉ ግን ያለው የኔነሽ መቀነት ውስጥ ነው፤ ከሰው ሁሉ ለየኔነሽ ልጄ በሕይወት አለ ተብሎ እንዴት ይነገራል? የኔነሽ በበኩሏ አይዞሽ እያለች እጇን ታሻሻት ነበር።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ውሾቹ እንደገና አላዘኑ። የድንኳኑ ምሰሶ ሲጥጥ አለ፣ ሻይ የያዘ ሁሉ ሻዩን ደፋ፣ ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ ከጠዋቱ አጠረ፣ ግን ከረረ። ከተቆለፈው ቤት ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ተንዶ ሲወርድ ሁሉም ሰማው። እታገኝ ያን ጊዜ ሁሉንም ነገር ረሳች። «ብርሃኔ!» ብላ ተነሳች። «ብርሃኔ፣ ውጣ! ውጣ ልጄ!» ወደ በሩ ስትሮጥ ዙህራና ሌሎቹ ዘለው ያዟት፣ መሬት ላይ ጣሏት፣ ላይዋ ላይ ሆነው አብረዋት አለቀሱ። ምስኪን፣ ሙቷን ጠራች አሉ። የኔነሽ ብቻ አላለቀሰችም። ቆማ አየቻት። ሙት እንዲህ አይጠራም። ሙት የሚጠራው ላይመለስ እንደቀረ ነው፣ ድምፁ ወደ መጨረሻው ይወድቃል፤ ይህን ከየኔነሽ በላይ የሚያውቅ የለም። ይኼኛው ጥሪ መልስ የሚጠብቅ ነበር። የኔነሽ ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ፣ ማንንም ሳታማክር፣ ወደ ቤቱ ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

ቆየች። እታገኝ ሴቶቹ ሥር ተጋድማ በሩን ብቻ ታያለች። ልጇ ሞቶ ከሆነ የኔነሽ ጮሃ ትወጣለች፤ በሕይወት ካለም የኔነሽ ጮሃ ትወጣለች። የትኛውን መፍራት እንዳለባት ጠፋት። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ፤ የኔነሽ ፀጉሯ ድረስ አፈር ለብሳ ወጣች፣ መልሳ ቆለፈች። በዚሁ መሐል ከፈለ ባትሪውን እያበራ ደርሶ ማን ነው የተጠራው፣ ብርሃኔ ሲባል ሰምቻለሁ አለ። የኔነሽ ልጇን የወሰደውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ቃሉም አፏ ውስጥ ነው። እታገኝ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሙቷን ነዋ የጠራችው» አለች የኔነሽ። «ሙት መጥራት ተከለከለ እንዴ፣ ጓድ ከፈለ? ቁምሳጥኑ ነው የወደቀው።»

ከፈለ አፍሮ ወደ ድንኳኑ ጥግ ዞር አለ፤ አልሄደም ግን። የኔነሽ መጥታ እታገኝ አጠገብ ተቀመጠች። ፊቷን ወደ ሰው አድርጋ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ነው የተናገረችው። ግድግዳው ሲናድ በሩን የተጫነው እንጨት አብሮ ወረደ፣ ሳንቃውን በዘነዘና ፈንቅዬ አወጣሁት፣ ግንባሩ ተፍቋል፣ ሌላው ደህና ነው አለቻት።

«በጨለማው ውስጥ ዳናዬን ሲሰማ እማዬ አለኝ» አለች። «አቤት አልኩት። እማዬ ያለኝ ሰው ካጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው።»

«የኔነሽ፣ እኔ...»

«አትናገሪኝ። አሁን ከተናገርሽኝ እጮሃለሁ። እኔ ቤት ይገባል፤ አንዴ የወሰዱበትን ቤት ተመልሰው አይፈትሹም። ነገ እዚህ የሚፈርስ ግድግዳ እንጂ የሚገኝ ሰው የለም።»

ድምጿን ከፍ አድርጋ ለሐዘንተኛዋ ብርድ ልብስ ላምጣላት ብላ ተነሳችና በሩን ከፍታ ወደ ቤቱ ገባች። ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሯል። እታገኝ ከተቀመጠችበት የማድቤቱ በር ይታያታል፤ ከማድቤቱ እስከ አጥሩ ክፍት ባዶ ሜዳ ነው፣ ጥቂት እርምጃ ነው፣ ግን ሁለት ዓመት ከቤት ላልወጣ ሰው ሩቅ ነው። በሩ ገርበብ አለ። የኔነሽ ወጣች፤ ከኋላዋ ጋቢ እስከ ዓይኑ የተከናነበ ጎባጣ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ብቅ አለ። ብርሃኔን ከተደበቀ ወዲህ ከቤት ውጭ ስታየው ያኔ የመጀመሪያዋ ነው፤ እንዴት እንደቀጠነ አየች። ከፈለም በዚያው ቅጽበት ባትሪውን አብርቶ ወደ ማድቤቱ በኩል መዞር ጀመረ። ቀኑን ሙሉ አትመለስብኝ ስትለው የዋለችውን መሬት አሁን አንዴ ብቻ ና አለችው፣ ትንሽ ብቻ። መሬቱ ዝም አለ።

«መጣ!» ብላ ጮኸች እታገኝ። «መሬቱ መጣ!»

ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ሻይ ተደፋ፣ ሕፃናት አለቀሱ፣ አንዱ በድንኳኑ ገመድ ተደናቅፎ ሌላው ላይ ወደቀ። ዙህራ ምሰሶውን አቅፋ ሸሃዳዋን ታወርዳለች። ከፈለ ባትሪውን ጥሎ ወደ መንገዱ ሮጠ። ትርምሱ ጋብ ሲል የማድቤቱ በር ተዘግቷል፣ ሜዳው ላይ ማንም የለም። ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። ዙህራ ወላሂ ምሰሶው እጄ ውስጥ ነው የተንቀጠቀጠው አለች። ከፈለ ተመልሶ ባትሪውን እያራገፈ ይኼኛው ከጠዋቱ ይበልጣል ብሎ ማለ። መምህሩን ጠየቁት። ሣህሉ በእጁ የያዘውን የሻይ ብርጭቆ አየ፤ ጠብ አላለበትም። ከዚያ እታገኝን አያት፣ ቆየት ብሎ አያት።

«ትንሽ ናት» አለ። «እንዲህ ያለችው ለሁሉም ሰው አትሰማም።»

እታገኝ እጇን ከፍራሹ ሥር ሰድዳ መሬቱን ዳሰሰች። መሬቱ ጸጥ ብሏል። ከአጥሩ ወዲያ የየኔነሽ በር ተዘግቶ መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማች። ልጇ ተርፏል። ከጠዋት ጀምሮ የፈራችው ሁሉ አለፈ፤ የኔነሽን ዓይን ዓይኗን ማየት ግን ነገ ነው።